አፋችን አማና ነው፦ ስለ አፍ መጉመጥመጫ ምርጫና አጠቃቀም

(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ትምህርት)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በቅርቡ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል በርከት ያሉት በተለምዶ “ማውዝዋሽ” ስለሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ የሚጠይቁ ናቸው። አንዲት እህት፣ “አልኮል አለበት ይባላል፤ ሙስሊም ሊጠቀምበት ይፈቀዳልን?” ትላለች። አንድ ወንድም ደግሞ፣ “ጾመኛ ሆኜ ብጉመጠመጥበት ጾሜ ይበላሻልን?” ሲል ይጠይቃል። አንዲት እናት “ለአምስት ዓመት ልጄ ልስጠው ወይ?” ብላለች። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚኖር ወጣትም፣ “ጥርሴ ቡናማ ነው፤ በዚህ ነገር ይለቅልኛል?” ብሎ ጽፎልናል።

ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። ከጀርባቸው ግን ሰው የማይናገረው ብዙ ጭንቀት አለ። ስለ ራስ ምታቱና ስለ ጨጓራው ለጎረቤቱ የማይናገር የለም። ስለ አፉ ጠረን ግን ለሐኪም መናገር እንኳ ያሳፍራል። ስለዚህ ኢንሻአላህ ዛሬ ይህንን ጉዳይ በዲናችንም በጤናም በኩል አብረን እንመለከተዋለን።

የእኛ ጥፋት

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት፣ ስናስታውሰው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረንን አንድ ነገር እንናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ በምንሰጣት አጭር ትምህርት ላይ፣ ጥሬ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጂድ እንዲርቅ የሚያዘውን ሐዲስ መሠረት አድርገን ተናገርን። ሐዲሱ ሰሒሕ ነው። እኛ ግን የራሳችንን ጨመርንበት። “አንዳንድ ወንድሞች አፋቸውን ሳያጸዱ ሶፍ ውስጥ እየገቡ ሰውን ያስቸግራሉ” አልን። ሰዉ ፈገግ አለ። እኛም ትምህርቱ የተወደደልን መሰለን።

በዚያ ሶፍ ውስጥ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት ነበሩ። ሱብሒ የማያመልጣቸው ሰው ናቸው። ሁልጊዜ የሚቆሙት ከሶፉ ጫፍ፣ ግድግዳውን ይዘው ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቀናቸው አናውቅም። ከዚያች ቀን በኋላ አላየናቸውም።

በሦስተኛው ሳምንት “ታመው ይሆን?” ብለን ሱቃቸው ድረስ ሄድን። ሶላታቸውን እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በዕቃ መሀል መስገጃ አንጥፈው ይሰግዳሉ። ሲያናግሩን መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ከመደርደሪያው ሥር ሦስት የአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙሶች አየን፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። “ኡስታዝ፣ በእኔ ምክንያት ጀመዓው አይቸገር ብዬ ነው” አሉን። “ሽንኩርት እንኳ ከተውኩ ቆይቻለሁ። በዚህ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እጉመጠመጣለሁ፤ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ይመጣል።”

እኛ እርሳቸውን አስበን አልተናገርንም ነበር። ነገር ግን ይህ ምን ይጠቅማል? ድንጋይ የወረወረ ሰው “አንተን አላየሁህም” ቢል የተፈነከተው ራስ አይድንም። አውፍ እንዲሉን ለመንናቸው። በማግስቱም አብረናቸው ወደ ጥርስ ሐኪም ሄድን።

ሐኪሙ ከድዳቸው ሥር ለዓመታት ተጋግሮ የጠጠረ ቆሻሻ አገኘ። ድዳቸው ከጥርሳቸው ተላቅቆ መግል ይዟል። ከዚያም ስለ ጥርስ ትቶ ሌላ ነገር ጠየቃቸው። “ውሃ ጥም ይበዛብዎታል? ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?” አላቸው። ደማቸው ሲመረመር የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። እርሳቸው ይህንን አያውቁም ነበር። ለካስ የድድ በሽታና የስኳር በሽታ ተደጋጋፊዎች ናቸው። ስኳሩ ካልተያዘ ድዱ ይብሳል፤ ድዱ ካልታከመም ስኳሩን መቆጣጠር ይከብዳል። ሐኪሙ በመጨረሻ፣ “አባቴ፣ ያ ጠርሙስ ሽታውን ሸፈነልዎት እንጂ በሽታውን አልነካውም” አላቸው።

የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የአፍ መጉመጥመጫ በቦታው ሲውል ረዳት ነው፤ ከቦታው ሲወጣ መሸፈኛ ይሆናል። የተሸፈነ በሽታ ደግሞ አይድንም።

ዲናችን ስለ አፍ ምን ያስተምረናል?

አፋችን አላህ የሰጠን አማና ነው። ቁርኣን የሚቀራው በእርሱ ነው፤ ዚክርና ሰላምታ የሚወጣውም ከእርሱ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሕዝባቸው ላይ እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ መፋቂያን ያዟቸው እንደነበር ተናግረዋል። ሌሊት ሲነሡ አፋቸውን በሲዋክ ይፍቁ ነበር። ወደ ቤታቸው ሲገቡም የሚጀምሩት በሲዋክ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፋልናለች። በመጨረሻዋ ሕመማቸው ወቅት እንኳ፣ ወንድሟ ዐብዱረሕማን የያዘውን ሲዋክ ሲመለከቱ ፍላጎታቸውን ተረድታ፣ አለስልሳ ሰጥታቸው ፍቀውበታል። ሰው በሕመም ሲደክም ብዙ ነገር ይተዋል። እርሳቸው ግን ይህንን አልተዉም።

ከዚህም ሌላ ውዱእ አለን። በውዱእ ላይ አፍን ሦስት ጊዜ መጉመጥመጥ፣ ማለትም መድመዳ፣ በሻፊዒያ፣ በሐነፊያና በማሊኪያ መዝሀብ ሱና ነው፤ በሐንበሊያ ደግሞ ግዴታ ነው። ለአምስቱም ሶላት ውዱእ የሚያድስ ሰው በቀን 15 ጊዜ ይጉመጠመጣል ማለት ነው። ነገር ግን ራሳችንን እንጠይቅ። ውሃውን በእርግጥ በጉንጫችን ውስጥ እናዟዙረዋለን ወይስ አስነክተን እንተፋዋለን? ምግብና ስኳር በጥርስ ላይ እንዳይቆይ የሚያደርገው የመጀመሪያው መጉመጥመጫ ይህ ውሃ ነው። ዋጋ አንከፍልበትም፤ አጅርም አለው።

የአፍ መጉመጥመጫ ምንድን ነው?

አብዛኛው የአፍ ጠረን የሚመነጨው ከሆድ አይደለም፤ ከራሱ ከአፍ ነው። በምላስ ጀርባ ላይ፣ በጥርስ መሀልና በድድ ሥር የተከማቹ ረቂቅ ተሕዋስያን የምግብ ትራፊን ሲያበሰብሱ መጥፎ ሽታ ያለው ጋዝ ይፈጥራሉ። በጥርስ ላይ የሚለጠፈው ሽፋን እንደ ሙጫ የያዘ ስለሆነ በፈሳሽ ብቻ አይለቅም። መፋቅ ያስፈልገዋል። በድስት ላይ የተጋገረ ነገር ውሃ ስለተደፋበት ብቻ እንደማይለቅ ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መፋቂያውን ወይም ብሩሹን ትቶ በመጉመጥመጫ ብቻ የተማመነ ሰው ራሱን አታሏል።

ታሪኩም ይህንን ያሳያል። ሊስተሪን የሚባለውን ዝነኛ መጉመጥመጫ እ.ኤ.አ. በ1879 የቀመመው ጆሴፍ ሎውረንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ስያሜው ከእንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከጆሴፍ ሊስተር የተወሰደ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለቀዶ ሕክምና ጀርም ማጥፊያነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ግን “የአፍህ ጠረን ሰው እንዲሸሽህ እያደረገ ነው” በሚል መንፈስ በተሠሩ ማስታወቂያዎች በሰፊው ተሸጠ። የሰው እፍረት ገበያ እንደሚሆን ይህ ያሳያል። ዛሬም ጠርሙስ ስንገዛ እፍረታችን ሳይሆን ዕውቀታችን ይምራን።

በገበያ ላይ ያሉትን በአራት ከፍለን ብናያቸው ለመምረጥ ይቀለናል።

1ኛ፦ ለጠረን ብቻ የሚሆኑ። ሽታ ያላቸው ናቸው፤ ለጥቂት ጊዜ አፍን ያስመርጣሉ እንጂ ሌላ ሥራ የላቸውም።

2ኛ፦ ጀርምን የሚቀንሱ። ሲቲልፒሪዲኒየም ክሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ያለባቸው ወይም እንደ ቲሞል፣ ሜንቶልና ከባሕር ዛፍ የሚገኘው ዩካሊፕቶል ያሉ ዘይቶች የተቀመሙባቸው ናቸው። ከብሩሽ ጋር ሲውሉ የድድን መቆጣት ለመቀነስ ይረዳሉ።

3ኛ፦ ፍሎራይድ ያለባቸው። ጥርስ እንዳይቦረቦር ያግዛሉ። ለየቀኑ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ 0.05 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለው ነው።

4ኛ፦ ክሎርሄክሲዲን ያለባቸው። 0.12 ወይም 0.2 በመቶ ተብሎ ተጽፎባቸው ይገኛሉ። ይህ መድኃኒት ነው። ለድድ በሽታ ወይም ከጥርስ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪም ለተወሰኑ ሳምንታት ያዘዋል። ብርቱ ስለሆነ ብቻ የዘወትር መጉመጥመጫ ማድረግ ስሕተት ነው። ሲቆይ ጥርስንና ምላስን ቡናማ ያደርጋል፤ የምግብን ጣዕም ይለውጣል፤ በጥርስ ላይ የሚጠጥረውን ቆሻሻም ያበዛል። ከተጠቀሙበት በኋላ ሰውነት ካሳከከ፣ ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ማቆምና ወደ ሕክምና መሮጥ ያስፈልጋል።

ስለ አልኮሉስ?

የእኅታችን ጥያቄ ተገቢ ነው። ከመጉመጥመጫዎቹ አንዳንዶቹ ከ20 በመቶ በላይ አልኮል አላቸው። በዚህ ላይ ኡለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው። አስካሪ የሆነ ፈሳሽ ሁሉ ነጃሳ ነው የሚለውን የብዙኃኑን አቋም የያዙት፣ ባይዋጥም ወደ አፍ እንዳይገባ ይከለክላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ በተለይ በሐነፊያ መዝሀብ ውስጥ ያለውን ዝርዝር መነሻ በማድረግ፣ ከወይንና ከቴምር ያልተሠራ አልኮል ለመጠጥ ሳይሆን ለሌላ ጥቅም ሲውል ያቀሉታል። መዋጡን ግን የሚፈቅድ የለም።

እኛ የምንመክረው ከውዝግቡ የሚያወጣውን መንገድ ነው። “ከአልኮል ነጻ” የሚል ጽሑፍ ያለባቸው መጉመጥመጫዎች በገበያ ላይ አሉ። በጤናም በኩል የሚቀርብን ነገር የለም። አልኮሉ በዋናነት የሚጨመረው ዘይቶቹን ለማሟሟት ነው። በኮሮና ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ለእጅ ማጽጃ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል እንደሚያስፈልግ ሁላችንም ተምረናል። 20 በመቶው ብቻውን ያን ያህል ጀርም ገዳይ አይደለም። በዚያ ላይ ያቃጥላል፤ አፉ የሚደርቅበትን ሰው ይበልጥ ያስቸግረዋል። ሐኪም ለበሽታ አልኮል ያለበትን ካዘዘና ሌላ ምትክ ከሌለ ግን፣ ሐኪሙንና የምታምኗቸውን ዓሊም ጠይቁ።

ጽሑፉን ስናነብም አንሳሳት። የምንፈልገው ስም “ኢታኖል” ወይም “አልኮሆል” ተብሎ ብቻውን የተጻፈውን ነው። ለማጣፈጫ የሚገቡት ሶርቢቶልና ዛይሊቶል በኬሚስቶች አነጋገር “የስኳር አልኮል” ቢባሉም አያሰክሩም። ስማቸውን ብቻ አይቶ መከልከል ተገቢ አይደለም።

እንዴት እንጠቀምበት?

በመጀመሪያ ጥርሳችንን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት፣ ለ2 ደቂቃ ያህል ፍሎራይድ ባለው ሳሙና እንቦርሽ። ምላሳችንንም ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ እንጥረግ። ከቦረሽን በኋላ የሳሙናውን አረፋ ተፍተን እንተወው። ወዲያው በመጉመጥመጫ ብንታጠብ በጥርሳችን ላይ የቀረውን ብርቱ ፍሎራይድ አጥበን እናስወግደዋለን። ምክንያቱም በሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በመጉመጥመጫው ውስጥ ካለው የበለጠ ነው። ስለዚህ መጉመጥመጫውን በሌላ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሳ በኋላ እናድርገው። ክሎርሄክሲዲን የታዘዘለት ሰውም ከቦረሸ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ይሻላል፤ በሳሙናው ውስጥ ያለው አረፋ ፈጣሪ ንጥረ ነገር የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክመዋልና።

መጠኑን በክዳኑ እንለካ። አብዛኞቹ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር፣ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይላሉ። በጉንጭና በጥርስ መሀል እያዟዟርን ቆይተን እንትፋው፤ አንዋጠው። ከዚያም ለግማሽ ሰዓት ያህል አንብላ፣ አንጠጣ። ጠርሙሱን ወደ አፍ አስጠግቶ መጎንጨት ነውርም ጎጂም ነው፤ የቤተሰቡን ሁሉ ጠርሙስ ይበክላል። ስንገዛም ማሸጊያው ያልተነካ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን እንይ።

መፋቂያ የምንጠቀም ሰዎችም ይህ ሁሉ አይመለከተንም አንበል። የአራክ ሲዋክም ሆነ የወይራ መፋቂያ በአግባቡ ከተያዘ ጥሩ ማጽጃ ነው። ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ ማለስለስ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በቀስታ መፋቅ፣ የውስጠኛውን ጎን አለመርሳት፣ ያረጀውን ጫፍ እየቆረጡ መጣል ያስፈልጋል። በኪስ ውስጥ ከገንዘብ ጋር ሲንከራተት የሰነበተ መፋቂያ ግን ቆሻሻን ወደ አፍ ያስገባል።

በጾም ጊዜ

በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው ጾምን ከማያበላሹ ነገሮች መካከል በአፍ መጉመጥመጥን፣ ጥርስን ማጽዳትንና ማስነቀልን ቆጥሯል። ቅድመ ሁኔታው ወደ ጉሮሮ የደረሰውን አለመዋጥ ነው። ስለዚህ ለወንድማችን የምንሰጠው መልስ፣ ካልዋጥከው ጾምህ አይበላሽም የሚል ነው።

ይህም ሆኖ ጾመኛ ሰው ውሃን እንኳ አጠንክሮ እንዳይጉመጠመጥ ይመከራል። ብርቱ ጣዕም ያለውን ፈሳሽ ለምን ለሌሊቱ አናቆየውም? ከኢፍጣር በኋላና ከሱሑር በኋላ ፈጅር ሳይገባ መቦረሽና መጉመጥመጥ ይቻላል። በቀን መፋቂያ አለ። በሻፊዒያ መዝሀብ ጾመኛ ከዙህር ወቅት መግቢያ በኋላ መፋቅ እንደሚጠላ፣ በሐነፊያ ግን እንደማይጠላ የታወቀ ነው። ሁለቱም ማስረጃ ያላቸው ስለሆኑ በዚህ ወንድም ከወንድሙ አይጋጭ። ጾመኛ ከባዶ ሆድ የሚያገኘው ጠረን አላህ ዘንድ ከሚስክ በላጭ እንደሆነ ተነግሮናል። ሳናጸዳ ያደርነው የምግብ ትራፊ ሽታ ግን ከዚያ ጋር አይቆጠርም።

ጥርስ ያስነቀለ ሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አጥብቆ መጉመጥመጥ የለበትም፤ ደሙን ያቆመው የረጋ ደም ታጥቦ ይወጣልና። ለውዱእም ቢሆን ውሃውን በቀስታ አስገብቶ ማፍሰስ ይበቃዋል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ፣ ከምግብ በኋላ በቀስታ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው። ይህ የድሃውም የሀብታሙም መጉመጥመጫ ነው።

ልጆችና የስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች

ለጠያቂያችን እናት፦ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ መጉመጥመጫ አይሰጠው። መትፋቱን በደንብ ስለማይችል ይውጠዋል። በተለይ አልኮል ያለበትን አንድ ሕፃን ቢጠጣው በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር አውርዶ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ጠርሙሶቹ ቀለማቸው እንደ ሻርቤጣ ያምራልና ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ተቆልፈው ይቀመጡ።

ለወጣቱ ወንድማችን፦ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ለምሳሌ በወንጂ፣ በባቱ (ዝዋይ) እና በሐዋሳ አካባቢ በሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ውሃው ከፍተኛ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ልጅ ጥርሱ ገና በመንጋጋው ውስጥ እየተሠራ ሳለ ከዚህ የበዛውን ሲጠጣ፣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ ከጥርሱ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ በመጉመጥመጫም፣ በአመድም፣ በከሰልም፣ በሎሚም አይለቅም። እንዲያውም ሎሚና ከሰል ጥርሱን ይሸረሽሩታል። ወንድማችን፣ ይህ የቆሻሻነት ምልክት አይደለም፤ ያደግክበት ውሃ ምልክት ነው። ፈገግታህን አትደብቅ። በዚያ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ፍሎራይድ ያለበትን መጉመጥመጫ ሐኪም ሳታማክሩ ለልጆች አትስጡ። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ይበልጥ ያበዛዋል። ንጹሕ ሆኖ የተያዘ የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ የተጣራለት ውሃ ለሕፃናት ይሻላል።

ጠርሙሱ የማይበቃበት ጊዜ

ድዱ ለሁለት ሳምንት የደማ፣ ጥርሱ የተነቃነቀ፣ በአፉ ውስጥ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ያለበት፣ ፊቱ ያበጠ ወይም መግል የሚወጣው ሰው መጉመጥመጫ መቀያየሩን ትቶ ወደ ሐኪም ይሂድ። ውሃ ጥምና ሽንት የበዛበት ሰው ደግሞ ስኳሩን ይመርመር። ስኳር የበዛበት ሻይና ቡና ቀኑን ሙሉ የሚደጋግም፣ ጫት በስኳርና በለስላሳ የሚያወራርድ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም የትኛውንም ዓይነት ጠርሙስ ቢገዛ መፍትሔ አያገኝም። ምክንያቱን ሳይተው ሽታውን ብቻ ያሳድዳል።

ወንድማችንን እንዴት እንንገረው?

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ አንድ ነገር ይቀረናል። ይህንን ሁሉ ካወቅን በኋላ በሶፍ ውስጥ አጠገባችን የቆመው ወንድማችን ይህ ችግር ቢኖርበት ምን እናድርግ? እኛ በሚክሮፎን ተናገርን፤ ተሳሳትንም። በጥሬ ሽንኩርትና በበሽታ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ሽንኩርቱን ሰው በምርጫው ይበላዋል። በሽታን ግን ማንም አይመርጥም፤ ወንጀልም አይደለም። በሕዝብ ፊት የተነገረ ነሲሓ ማዋረድ ይሆናል። ለብቻ፣ በእዝነት፣ “እኔም ደርሶብኝ ነበር፤ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ” ተብሎ የተነገረ ግን ሰውን ያድናል። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ይህንን በመልካም ቃል መንገር ሐቃቸው ነው። ማኩረፍና ፊት ማዞር አያስተምርም።

እኚያ አባት ድዳቸው በሐኪም ከተጸዳ በኋላ ለስኳራቸው መድኃኒት ጀመሩ። ጥቂት ወራት ፈጅቶባቸዋል። መጉመጥመጫውንም ሐኪሙ በወሰነላቸው መጠንና ጊዜ ብቻ ተጠቀሙ። አሁን በኪሳቸው መፋቂያ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን ሱብሒ ላይ ኢቃም ተደርጎ ሶፉን ለማስተካከል ዘወር ስንል፣ ግድግዳው ጥግ አጣናቸው። ደንግጠን ስንፈልግ ከኋላችን፣ በፊተኛው ሶፍ መሀል ቆመዋል። “ኡስታዝ፣ ሶፉን አስተካክለናል” አሉን፤ መዳፋቸው አፋቸው ላይ አልነበረም። አልሐምዱሊላህ።

አላህ (ሱ.ወ.) አንደበታችንን በዚክሩ፣ አፋችንንም በንጽሕና ያሳምርልን። የወንድሞቻችንን ነውር ከሚገልጡ ሳይሆን ከሚሸፍኑትና ከሚያሳክሙት ያድርገን። የታመሙትን ሁሉ ሺፋ ይስጥልን። አሚን።